የ19 ኢንች ቸርኬ ጣጣ፦ አዳማ ላይ የአንዲት ቶዮታ 86 የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2013 ሞዴል ቶዮታ 86 ናት። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ፣ ጉልበቷ በኋላ እግር፣ ክብደቷ 1,240 ኪሎ ገደማ። ባለቤቷ አዳማ ነው የሚኖረው። በሳምንት ሁለቴ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ በቀሩት ቀናት መኪናዋ የከተማውን አስፋልት፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንና የወንጂን መንገድ ትመላለስበታለች። ፋብሪካው የሰጣትን 17 ኢንች ቸርኬ አውልቆ 19 ካስገጠመላት በኋላ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ቸርኬ ተጣመመ፣ አንድ ጎማ አበጠ፣ የኋላ ፓራፋንጎ ቀለም ተሰነጠቀ፣ መሪው ደግሞ ከ90 ኪሎሜትር በላይ መንዘር ጀመረ።

ጎሚስታው ያሉት አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ መንገዱ ነው።» ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያው መንገድ የፋብሪካውን ጎማ ሁለት ዓመት ሳያበላሽ ኖሯል። ጉድጓዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጉድጓዱን የሚቀበለው ክፍል ነው።

ከቸርኬው ጀርባ ያሉት ቁጥሮች

ቸርኬ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ኢንቹን ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግን አምስት ቁጥሮች አንድ ላይ ናቸው፦ ኢንቹ፣ ወርዱ፣ ኦፍሴቱ፣ የቡሎኖቹ ክብ፣ የመሀል ቀዳዳው። የቶዮታ 86 ፋብሪካ ቸርኬ 17 በ7፣ ኦፍሴት 48፣ 5 በ100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ የመሀል ቀዳዳ 56.1 ሚሊሜትር ነው፤ ጎማው 215/45 አር17። የተገዛው 19 በ8.5፣ ኦፍሴት 35፣ 5 በ100፣ የመሀል ቀዳዳ 73.1 ሲሆን ጎማው 225/35 አር19 ነው። ሻጩ «ይገጥማል» ያለው የቡሎኑን ክብ ብቻ አይቶ ነው። በዚያ ረገድ አልዋሸም።

ኦፍሴት ማለት ከቸርኬው የወርድ አጋማሽ ተነስቶ ሞዞው (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ላይ እስከሚያርፈው ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ሒሳቡን በስልክ ላይ መሥራት ይቻላል፦ ወርዱን በ25.4 አባዝቶ ለሁለት ማካፈል፤ ከዚያ ላይ ኦፍሴቱን ሲቀንሱ የውጭው ከንፈር ከሞዞው ፊት ያለው ርቀት ይወጣል፣ ሲደምሩ የውስጡ። በፋብሪካው ቸርኬ ውጭው 40.9፣ ውስጡ 136.9 ሚሊሜትር ነው። በ19ኙ ውጭው 73፣ ውስጡ 143። ስለዚህ አዲሱ ቸርኬ ወደ አሞርዛተሩ በ6 ሚሊሜትር ቀረበ፣ ወደ ውጭ ደግሞ በ32 ሚሊሜትር ወጣ።

ስድስቱ ችግር አላመጣም። ሠላሳ ሁለቱ ግን ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ ብሬከር ሲወጣ ጎማውን ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር አጋጨው። መፍትሔ ተብሎ ጠርዙ በመዶሻ ወደ ውስጥ ተቀጠቀጠ፤ ቀለሙ የተሰነጠቀው ያኔ ነው። የፓራፋንጎ ጠርዝ የሚታጠፍ ከሆነ ቀለሙ በሙቅ አየር መሣሪያ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ከሞቀ በኋላ በሮለር ቀስ እየተባለ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ቀለም አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይገባበትና ላሜራው ይዝጋል።

61 ሚሊሜትር

የጉዳቱ ዋና ምክንያት ያለው የጎማው ግድግዳ ላይ ነው። 215/45 ማለት የግድግዳው ቁመት የ215 ሚሊሜትር 45 ከመቶ ነው፤ ወደ 97 ሚሊሜትር። የ225/35 ደግሞ 79። ልዩነቱ 18 ሚሊሜትር ብቻ ይመስላል። ይህ ቁመት ግን የሚለካው ጎማው ከሚያርፍበት ወለል እንጂ ከቸርኬው ከንፈር ጫፍ አይደለም፤ ከንፈሩ ራሱ 17.5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል። ያንን ሲቀንሱ ከመሬትና ከብረቱ መሀል ያለው እውነተኛ ትራስ በ17 ኢንቹ 79፣ በ19 ኢንቹ 61 ሚሊሜትር ነው። መኪናዋ ቆማም ቢሆን ጎማው ከክብደቷ የተነሳ ከዚያ ላይ ጥቂት ይጫናል። ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ያን ጊዜ ግድግዳው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው ከንፈር መሀል ይቀጠቀጣል፣ ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ። ጎማው አይፈነዳም፤ ንፋሱ ክሩ በተበጠሰበት በኩል ወደ ውጨኛው ጎማ ተገፍቶ እብጠት ይሠራል። እብጠት አይጠገንም። ከውስጥ ከለመዳሪ ገብቶበት ይነዳ የሚለው ምክር ተሰጥቶ ነበር፤ ለዝቅተኛ ግድግዳ ጎማ ይህ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ከለመዳሪው እየተፋተገ ይሞቃል፣ የተበጠሰው ክር ደግሞ ተበጥሶ ነው የሚቀረው። በፈጣን መንገዱ በ120 ለሚሄድ መኪና ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ቸርኬዎቹ ሁለቱም የተጣመሙት በውስጥ በኩል ነው። ይህ ደንብ ነው ማለት ይቻላል፤ የውጭው ከንፈር ከጨረሮቹ (ከመሀል ወደ ዳር ከተዘረጉት ክንዶች) አጠገብ ስለሆነ ይደገፋል፣ የውስጡ ግን ከጨረሮቹ ርቆ ብቻውን የቆመ ቀለበት ነው። ሰውየው ቸርኬውን ከውጭ እያየ «ምንም አልሆነም» የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው። ጎማው ከነቸርኬው ተነስቶ ባላንስ ማሽን ላይ ሲዞር ብቻ ነው ጥምዘዛው የሚታየው።

ጉዳዩን ያባባሰው ንፋሱ ነው። የመኪናዋ ሰሌዳ 35 ፒኤስአይ ይላል። በ19ኙ ላይ መኪናዋ ስለደረቀችበት ባለቤቷ «ትንሽ ትለስልስ» ብሎ 32 አደረገው። ልክ በተቃራኒው መሄድ ነበረበት። 225/35 አር19 88 የሚለው ጎማ (88 የጭነት ቁጥሩ ነው) የኤክስኤል፣ ማለትም ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ ዓይነት ነው፤ 560 ኪሎ የመሸከም አቅሙን የሚያገኘው በ290 ኪሎፓስካል፣ ማለትም በ42 ፒኤስአይ ነው። የፋብሪካው 87 ቁጥር ጎማ 545 ኪሎውን የሚያገኘው በ36 አካባቢ ነው። በጎማ አምራቾች የጭነት ቀመር ሲሰላ የፋብሪካው ጎማ በ35 ፒኤስአይ ወደ 527 ኪሎ ይሸከማል፤ ኤክስኤሉ በ32 የሚሸከመው ወደ 450 ነው። የፋብሪካውን አቅም ለማግኘት 39 ያስፈልገው ነበር። 39 ላይ ደግሞ ኮብልስቶኑ ወገብ ይቆርጣል። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ ጎማ ላይ ምቾትና ደኅንነት በአንድ የንፋስ መጠን ላይ አይገናኙም።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይነዳ፣ ጠዋት ነው። አዳማ ላይ የኅዳር ጠዋትና የቀትር ሙቀት ብዙ ስለሚራራቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በግምት ለእያንዳንዱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ፒኤስአይ ይለወጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ 35 የተሞላ ጎማ ሲነጋ 32 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ፍጥነቱ የት ገባ

ትልቅ ቸርኬ መኪናን ያፈጥናል የሚለው እምነት ከውድድር መኪና ፎቶ የመጣ ነው። እዚህ መኪና ላይ የሆነው ይህ ነው። የ215/45 አር17 ጎማ ሙሉ ቁመት 625 ሚሊሜትር ነው፤ የ225/35 አር19 640። ዙሪያው በ2.4 ከመቶ አድጓል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ማርሽ መንኮራኩሩ ከመሬት ጋር የሚያደርገው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ የሚሰጠው 205 ኒውተን ሜትር በአንደኛ ማርሽ (3.626) እና በኋላ ዲፈረንሻሉ (4.1) ተባዝቶ 3,048 ይሆናል። ብክነቱን ትተን ለጎማው ራዲየስ ስናካፍለው በ17ቱ ወደ 9,750 ኒውተን፣ በ19ኙ ወደ 9,520።

ክብደቱ ይታከልበታል። በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የፋብሪካው ቸርኬ ከነጎማው 18.9 ኪሎ፣ አዲሱ 23.4 ኪሎ መዘነ፤ ለአራቱ 18 ኪሎ ጭማሪ። «አንድ ኪሎ የቸርኬ ክብደት አሥር ኪሎ የቦዲ ክብደት ነው» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የሚዞር ክብደት በማፍጠን ጊዜ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ነው የሚቆጠረው፤ እሱም ሁሉም ክብደት ጎማው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ጥርስ ላይ ቢሆን ነው። እዚህ 18 ኪሎው እንደ 30 ኪሎ ቢቆጠር ተገቢ ግምት ነው። ሹፌሩን ጨምሮ ከ1,310 ኪሎ ላይ 2.3 ከመቶ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ፍጥነት የመጨመር አቅሟ በ4.5 ከመቶ ያህል ወረደ። ከ0 እስከ 100 በፋብሪካ ሰነድ 7.6 ሰከንድ ለሆነው ወደ 0.3 ሰከንድ ማለት ነው።

0.3 ሰከንድ ማንም በልቡ አይቆጥረውም። ነገር ግን አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ 15 ከመቶ አካባቢ ጉልበቱን አስቀድሞ አጥቷል። 200 ተብሎ የተሸጠው ፈረስ 170 ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ ከባድ ጫማ ማድረግ ነው፤ ባለቤቱ «አቀበት ላይ አራተኛ ማርሽ አልበቃ አለኝ» ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬን ላይም ያው ሒሳብ ይሠራል፦ በእኩል እግር ግፊት ረዘም ያለ ራዲየስ ያለው ጎማ ያነሰ የማቆም ኃይል ያገኛል፣ ከባዱን ቸርኬ ለማቆምም ተጨማሪ ሥራ አለ። የፍጥነት መለኪያውም ከበፊቱ 2.4 ከመቶ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ በበፊቱ ጎማ 120 ያስነብብ የነበረ እውነተኛ ፍጥነት አሁን 117 ነው የሚታየው።

ለ19ኙ ፍትሕ ለመስጠት፦ በለሰለሰ አስፋልት ላይ አጭር ግድግዳ ያለው ጎማ መሪ ሲዞር ወዲያው ይታዘዛል። በፈጣን መንገዱ መውጫ ኩርባዎች ላይ ይህ ይሰማል፣ ደስም ይላል። ግን ያው ጎማ ከሞጆ በሚመጣው አሮጌ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ የጠረበውን ቦይ ተከትሎ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ኦፍሴቱ 13 ሚሊሜትር ወደ ውጭ መሄዱ ጎማው መሪው ላይ ያለውን የማንሻ ክንድ ስላስረዘመው ነው። የሞዞ ኩሽኔቱም በዚያው ልክ ይጫናል።

ንዝረቱና ዳዶው

የመሪው ንዝረት በሦስት ምክንያት የመጣ ነበር፣ ባላንስ ብቻ እየተደጋገመ ሦስቱም አልተፈቱም። አንደኛው የተጣመመው ቸርኬ ነው። ሁለተኛው፣ የ73.1 ቀዳዳ በ56.1 ሞዞ ላይ ያለ ቀለበት ተቀምጧል፤ ቸርኬውን መሀል ላይ የሚያቆመው የዳዶው ሾጣጣ ብቻ ነበር። ዳዶዎቹ መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ በንፋስ መሣሪያ ከተጠበቁ ቸርኬው ጥቂት ተንሸራቶ ይቀራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። አዳማ ውስጥ «የቶዮታ ዳዶ» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው 12 በ1.5 ጥርስ ያለውን ነው፤ ኮሮላውም ቪትዙም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ቶዮታ 86 ግን ከሱባሩ ጋር በጋራ የተሠራች ስለሆነች ቡሎኗ 12 በ1.25 ነው። የተሳሳተው ዳዶ ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ይይዛል፤ የንፋስ መሣሪያ ሲነካው የቡሎኑን ጥርስ እየበላ ይገባል። በግራ ፊት እግር ላይ ሁለት ቡሎን በዚህ መንገድ ተበልቶ ነበር፣ ሁለቱም ተቀየሩ። ደንቡ አንድ ነው፦ ዳዶ በእጅ ብቻ ቢያንስ ስድስት ዙር ካልገባ ትክክለኛው አይደለም።

የተጣመመው ቸርኬ አንዱ ደግሞ በጋዝ ነበልባል ሞቆ በመዶሻ ተቃንቶ ነበር። በቅርጽ የተፈሰሰ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው፤ ነበልባል ያንን ያጠፋዋል። ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በቀጣዩ ጉድጓድ ግን ይሰነጠቃል። ያበጠው የኋላ ጎማ ምትክ ሲጠፋ ደግሞ 235/35 አር19 ተገጠመ፤ ቁመቱ 647 ሚሊሜትር ነው፣ ከጎኑ ካለው 7 ሚሊሜትር ይበልጣል። ይህች መኪና የቶርሰን ዲፈረንሻል (አንዱ እግር ብቻውን እንዳይሽከረከር ጉልበቱን ለሁለቱ የሚያካፍል) አላት፤ ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ሁለቱ የኋላ እግሮች በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል። በአንድ አክስል ላይ የተለያየ መጠን መግጠም ለማንም አይመከርም፣ ለዚህች ግን ፈጽሞ።

ውበቱን ከየት ማግኘት ይቻል ነበር

ባለቤቱ 19 የገዛው ለፍጥነት አልነበረም፤ ከጎማው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ስለጠላው ነው። ጥላቻው ተገቢ ነው፣ 86 ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ ወደ ውስጥ የገባ ትመስላለች። ነገር ግን ባዶውን የሚሞላው የቸርኬው ኢንች ሳይሆን የጎማው ሙሉ ቁመት ነው። ከ17 ወደ 19 ሲዘል ራዲየሱ ያደገው 7.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያ ሁሉ ወጪ ባዶውን የዘጋው በትንሹ ጣት ግማሽ ወርድ ነው። ዓይን ላይ ለውጥ ያመጣው ቸርኬው ወደ ውጭ መውጣቱ ነበር፣ እሱን ደግሞ በ17 ኢንችም ማድረግ ይቻላል።

«ፖርሼ 911 ከኋላ 20 ኢንች አይደለም ወይ?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል። ነው። የአሁኑ ካሬራ የኋላ ጎማ 295/35 አር20 ነው፤ ግድግዳው 103 ሚሊሜትር። የዚህች መኪና 19 ኢንች ግድግዳ 79 ነበር። ፖርሼ ትልቅ ቸርኬ የሚጠቀመው ትልቅ የፍሬን ዲስክና ሰፊ ጎማ ስላለው ነው፣ ጎማው በቁመቱ ስለሚበልጥ ትራሱንም አላጣም። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በተቃራኒው በ16 እና በ17 ኢንች ነው የምትሸጠው፣ ስፖርት መኪና አይደለችም የሚል ግን የለም።

የተመረጠው 17 በ8፣ ኦፍሴት 40፣ 5 በ100 ቸርኬ ነው፤ ጎማው 225/45 አር17 91። የውጭው ከንፈር ከፋብሪካው 20.7 ሚሊሜትር ይወጣል፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊስተካከል ይደርሳል፣ አይነካውም። የጎማው ቁመት 634 ሚሊሜትር ስለሆነ በላዩ ያለው ባዶ ከ19ኙ ጋር ሲነጻጸር የጨመረው 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ትራሱ 84 ሚሊሜትር ሆነ፣ ከፋብሪካው ይበልጣል። 91 ቁጥር ጎማ 615 ኪሎ ስለሚሸከም 35 ፒኤስአይ ከበቂ በላይ ነው። በዚያው ሚዛን ላይ ከነጎማው 17.8 ኪሎ መዘነ። መጠኑ በብዙ የሰዳን መኪናዎች ላይ ስላለ ጎማውን ማግኘት ከ215/45 ይልቅ ይቀላል። ቸርኬ ሲገዛ ከጀርባው የጄደብሊውኤል (የጃፓን የቸርኬ ጥንካሬ መመዘኛ) ምልክትና የሚሸከመው ኪሎ የተጻፈበት መሆኑ ይታያል፤ ጎማው ላይ ደግሞ የተመረተበትን ጊዜ የሚናገረው አራት አኃዝ፦ 1223 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር የ2023 ዓ.ም. 12ኛ ሳምንት ነው።

አገጣጠሙ ጊዜ ቢወስድም ከባድ አይደለም። ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ከዝገት ጸዳ፤ ዝገቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን እንኳ ቸርኬውን ያጋድላል። ከ73.1 ወደ 56.1 የሚያጠብብ ቀለበት ገባ። እግሩ በክሪክ ተነስቶ እያለ ትክክለኞቹ ዳዶዎች በእጅ ገቡ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል ጠበቁ፣ መሬት ሲነካ በ120 ኒውተን ሜትር ተቆለፉ። የቶርክ ቁልፍ በሌለበት፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ የ24 ኪሎ ግፊት ያው ነው። ከዚያ መሪው ከዳር እስከ ዳር ዞሮ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ በተለጠፈ የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ላይ ምልክት መኖሩ ታየ፤ አልነበረም። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ዳዶዎቹ በድጋሚ ተፈተሹ፣ አላይመንትም ተሠራ።

ንዝረቱ ጠፋ፣ አቀበቱ ላይ አራተኛ ማርሽ ተመለሰ፣ በአራት ወር ውስጥ ያበጠ ጎማ የለም። ባለቤቱ አንድ ቅሬታ አለው፦ በፈጣን መንገዱ ኩርባ ላይ መሪው እንደ 19ኙ ወዲያው አይታዘዝም። የፊት ጎማዎቹ ወደ 37 ፒኤስአይ ከፍ ሲሉ ልዩነቱ ጠበበ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ ያንን ያህል መክፈሉ ተገቢ ነው። የቀረውን ባዶ ለመዝጋት ሞላ ማሳጠርን አንስቶ ነበር። ከመሬት ያላት ከፍታ 130 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለአዳማ ብሬከር አይመከርም ተብሏል።

ከ19ኙ ቸርኬዎች ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ለሽያጭ ቀርበዋል። ሦስተኛው በፕሬስ (በመጭመቂያ መሣሪያ) ሳይሞቅ ይቃና እንደሆነ ገና ይታያል። በነበልባል የሞቀው ግን ሌላ መኪና ላይ እንዳይገጠም ጨረሩ በመጋዝ ተቆርጦ በቁርጥራጭ አሉሚኒየም ዋጋ ተሸጧል።